የመጀመሪያው ቀን ቆጠራ

ሴትየዋን በግቢው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ከዲኑ እስከ ጥበቃው ድረስ «ቆጣሪዋ» ነው የሚሏት። ሥራዋ ነዋ! በዩኒቨርሲቲው የምርምር ቢሮ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ እስከ ግማሽ ድረስ ብቻ በሚከፈት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የተመራማሪዎችን ሥራ ስትቆጥር አሥራ ሰባት ዓመት ሞላት። ማን ስንት ጥናት አሳተመ፣ ጥናቱን ስንት ሌሎች ሰዎች በጽሑፋቸው ጠቀሱት፣ ከማን ጋር አብሮ ጻፈ፤ ይሄን ሁሉ ሰንጠረዥ ውስጥ አስገብታ በየዓመቱ ለኮሚቴ ታቀርባለች። ሊፍት ጠጋኝ የሆነው ባሏ፣ «ሌላው ሰው የመብራት ቆጣሪ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፣ እኔ አግብቼ ቤት አስገባሁት» እያለ ይስቅባታል። እሷ ደግሞ «አንተ መጀመሪያ የቢሯችንን ሊፍት ጠግንና ከዚያ ትስቃለህ» ትለዋለች። ሊፍቱ ከቆመ ዘጠኝ ወሩ ነው፤ ጠጋኙም ባሏ ራሱ ነው።

ቁጥር የሚወድ ሰው ሞልቷል፣ የእሷ ግን ለብቻው ነው። አንድ ጥናት ባልታሰበ ቦታ ተጠቅሶ ስታገኘው ከወንበሯ ብድግ ብላ «አገኘሁህ!» ትላለች፤ ክፍሉ ውስጥ ከእሷና ከአሮጌው ፕሪንተር በቀር ማንም የለም። የሒሳብ መምህሩንና የእንስሳት ሐኪሟን አንድ ጽሑፍ ላይ ጎን ለጎን ስታያቸው ደግሞ እሷ ራሷ ያጋባቻቸው ይመስል ቀኑን ሙሉ ደስ ሲላት ይውላል።

ይሄን ደስታዋን የሚያደፈርስባት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ። ሰብሳቢው የውሃ ምህንድስና ዶክተር ናቸው፤ ፊታቸው አይፈታ፣ ሰዓታቸው አይዛነፍ። ማንም ይሁን ማን ሪፖርት ይዞ ሲቀርብ ገልጠው እንኳ ሳያዩት በጣታቸው ገፋ ያደርጉትና፣ «የመጀመሪያው አይታመንም፤ ሁለተኛውን አምጡ» ይላሉ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው! ብልጦቹ ሁለት ሪፖርት አዘጋጅተው፣ የማይረባውን አስቀድመው መስጠት ለምደዋል። ቆጣሪዋ ግን እንዲህ ያለ ተንኮል አይሆንላትም። ቆሽቷ እያረረ ፋይሏን አንሥታ ትወጣና ደረጃው ላይ፣ «ኧረ እኝህ ሰውዬ ይሄን አመል ከየት ነው ያመጡት?» ትላለች።

እንግዲህ ከዚያው ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር፣ ጣሪያዋ ያዘመመ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ረጃጅሞቹ ሲገቡ ግንባራቸውን ይመታሉ። በሯ ላይ «የስታቲስቲክስ ምክር» የሚል ሰሌዳ፣ ከበሯ ጎን የእንጨት አግዳሚ ወንበር፣ ውስጧ ደግሞ ጋሽ አማካይ አሉ። ስሙ የወጣላቸው፣ ሰው «እንደምን አሉ ጋሼ?» ሲላቸው «በአማካይ ደህና ነኝ» ስለሚሉ ነው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው እዚያ ሲቀመጡ። ቁጥሩ የተመሰቃቀለበት ሁሉ ወረቀቱን ታቅፎ አግዳሚው ላይ ተራውን ይጠብቃል፤ እሳቸውም አንድ በአንድ እያስገቡ ያቃኑለታል። ለመጣው ሁሉ መጀመሪያ የሚናገሩት ነገር አንድ ነው።

«የዕለቱን የመጀመሪያ ልኬት ጣለው። ሰው ጠዋት መሣሪያውን ሲያነሣ ልቡ ገና ቤቱ ነው።»

አንድ ዓርብ ጠዋት ከኮሚቴው ደብዳቤ ወረደ። ማንኛውም የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ክፍል፣ በጥናቶች አማካኝነት ቢያንስ ከስድስት የትምህርት ክፍሎች ጋር የተሳሰረ መሆኑን በቁጥር ካላሳየ ይዘጋል፤ ሠራተኛውም ወደ ፈተና ወረቀት መጋዘን ይዛወራል። ውሳኔው የፊታችን ሐሙስ ነው። ሰንጠረዡን እንድታዘጋጅ የታዘዘችው ማን ናት? ቆጣሪዋ!

ኮምፒውተሯን ከፍታ የጋሽ አማካይን መስመር ስታይ ክው አለች። ያሳተሙት ጥናት አራት፤ የተጠቀሱት ሠላሳ አንድ ጊዜ፤ ከሌላ ክፍል ሰው ጋር አብረው የጻፉት ባዶ። ባዶ! አግዳሚ ወንበራቸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው አጥቶ አያውቅም፣ ሰንጠረዡ ላይ ግን ባዶ! ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች።

«ጋሼ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው ጋር ሠርተው ስምዎ አንድም ቦታ የለም እኮ!»

«ምክር ሰጠሁ እንጂ ጥናቱን እኔ አልሠራሁትም። ያልሠራሁት ላይ ስሜ ምን ይሠራል?»

«ታዲያ ሐሙስ ሊዘጉብዎ ነው!»

«ይዘጉታ እንግዲህ» አሉ። እንዲህ ይበሉ እንጂ እጃቸው አላረፈም፤ ጠረጴዛቸው ላይ ያሉትን እርሳሶች ከትልቅ ወደ ትንሽ፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደረድራሉ። ከዚያ አቀርቅረው ቀጠሉ። «መጋዘኑስ ግድ የለኝም። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ሰው ባላገኝ ግን ምን እንደሚውጠኝ እንጃ።»

ይሄ አነጋገራቸው አንጀቷን በላው። ወደ ቢሮዋ የተመለሰችው እየተናደደች፣ እያዘነች፣ ከራሷ ጋር እየተጣላች ነው። ሰውዬውን የሚያሰናብታቸው ሰንጠረዥ የእሷው እጅ ሥራ ነዋ!

ቅዳሜ ምሳ ላይም አፏ አላረፈም። አብራቸው የምትኖረው አማቷ ከምርምር ጋር የሚያገናኛት ነገር የለም፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ግን በየቀኑ «ዛሬስ ማንን ቆጠርሽ?» ሳትል አታድርም። የጋሽ አማካይን ነገር ስትሰማ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ቆይ፣ የረዷቸው ሰዎች አላመሰገኗቸውም?»

«አመስግነው ይሆናል፣ እማዬ። ምስጋና እኮ አይቆጠርም።»

«የት ነው የሚያመሰግኑት?»

«ጽሑፉ መጨረሻ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል።»

«ታዲያ ምን ተቀምጠሽ ታወሪያለሽ? ሂጂና መጨረሻ መጨረሻውን አንብቢው!»

ቆጣሪዋ የጎረሰችውን ሳትውጥ አማቷን አቅፋ ሳመቻት። ባሏ «እኔንስ ማን ይስመኛል?» ቢል «አንተን ሊፍቱ ይሳምህ» ብላው ወጣች፤ ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜ ከሰዓት እንደሚዘጋ ትዝ ያላት መንገድ ላይ ነው። እሑድን እንዴት እንዳሳለፈችው ባይነሣ ይሻላል።

ሰኞ ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈት በሩ ላይ የነበረችው እሷ ናት። የዩኒቨርሲቲውን የምርምር መጽሔት ጥራዞች እያወረደች የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ታነባለች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አገኘች! የግብርና ክፍል፤ ስለ ድንች አተካከል የተጻፈ ጥናት፤ መጨረሻው ላይ ለጋሽ አማካይ፣ በሙሉ ስማቸው፣ ስለ ሰጡት ምክር ምስጋና። ከዚያ አዋላጆቹ፤ አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ክብደት። ከዚያ የመንገድ ሥራ ክፍል፤ አንድ አይደለም፣ ሦስት ጥናት! «አገኘሁህ!» ብላ ጮኸች። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ብትቆጣትም ማን ሰምቷት።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ የበለጠ ጉድ ገጠማት። የድንቹን ጥናት መሐል ገልጣ ስታይ፣ «የዕለቱ የመጀመሪያ ልኬት ከስሌቱ ወጥቷል» ይላል። የሕፃናቱንም ገለጠች፤ ያችው አረፍተ ነገር! ድንች ቆፋሪና አዋላጅ መቼ ተገናኝተው ያውቃሉ? ያገናኛቸው ከደረጃ ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር ነዋ! ፀጉሯ ቆመ። ያገኘችውን ሁሉ ኮፒ እያስደረገች ካርቶን ውስጥ ከተተች፤ ዘጠኝ ዓመት በሰብሳቢው እጅ የታሸ ሰው ማስረጃ ሳይዝ አይሄድም። ከጥራዞቹ መሐል ሰማያዊ ሽፋኑ የተላላጠ፣ በላዩ የነበረው የወርቅ ጽሑፍ ተፍቆ ያለቀ፣ ወፍራም የመመረቂያ ጽሑፍም አገኘች፤ ስለ አንድ ወንዝ ነው። አረፍተ ነገሯ አለችበት። ፈጥና መጨረሻውን ገለጠች፤ ምስጋና የለም። አረፍተ ነገሯ ስላለችበት ግን እንዳለ ተውሳ፣ እያዘነች ካርቶኑ ታች ከተተችው።

ማክሰኞ የደን ጥናት ክፍሉን ስታገላብጥ አንድ ነገር ገባት። የመመረቂያ ጽሑፎች ምስጋናቸውን የሚያስቀምጡት መጨረሻ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ፣ ከማውጫው በፊት ነው! «የሰኞውን እመለስበታለሁ» አለች። አልተመለሰችም፤ በደስታ የሰከረ ሰው ወደ ኋላ መች ያያል? የዛፍ ውፍረት የለኩት የደን ባለሙያዎቹ፣ የዐይን ሐኪሞቹ፣ ሕፃናት በደቂቃ ስንት ቃል እንደሚያነቡ የቆጠሩት የሥነ ትምህርት መምህራኑ፣ እየተከታተሉ ወጡላት። ረቡዕ ማታ ሳይደርስ ስድስቱም ሞሉ። በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ጋሽ አማካይን መሐል አድርጋ፣ ስድስቱን ክፍሎች ዙሪያውን፣ ለየጥናቱ አንዳንድ ባለቀለም መስመር አሰመረች። ሲያልቅ መሐሉ ያለው ነጥብ በመስመር ብዛት አልታይ አለ። ጮቤ ረገጠች።

ሐሙስ ጠዋት ካርቶኑን ታቅፋ፣ ካርታዋን ጠቅልላ ብብቷ ሥር ከትታ የስብሰባው አዳራሽ ገባች። የኮሚቴው አባላት ሰባት ናቸው። ጋሽ አማካይም ጉዳዩ የሚመለከታቸው ስለሆነ ተጠርተው፣ ኮታቸውን ቆልፈው ጥግ ተቀምጠዋል። ካርታውን ሰሌዳው ላይ ለጥፋ ስታስረዳ ጣቷ ከመስመር ወደ መስመር ይዘላል። ስለ ድንቹ፣ ስለ ሕፃናቱ፣ ስለዚያች አረፍተ ነገር ስታወራ ሁለት ሦስቱ ከወንበራቸው ተነሥተው ካርታው ሥር ቆሙ። «ወይ ጉድ! እኛም ክፍል እኮ ይሄን ነገር እናደርገዋለን» አሉ አንዷ። ሰብሳቢው ብቻ አልተነሡም። ጣታቸው ወደ ሪፖርቱ ሲሄድ አየች። በልቧ «አሁን ሊገፉት ነው» አለች።

የተናገሩት ግን ጋሽ አማካይ ሆኑ።

«ይቅርታ፣ አንዴ። ልጄ፣ የመጀመሪያው ቀን ቆጠራሽ የትኛው ነው?»

«የሰኞው ነው ጋሼ። ግብርና፣ አዋላጅ፣ መንገድ ሥራ።»

«ጣይው።»

«ምን?»

«የመጀመሪያውን ቀን ጣይው። ደስ ብሎሽ ነበር፤ ደስ ያለው ሰው ያገኘውን ሁሉ ይቆጥራል። ለእኔ ሲሆን ደንቡ አይለወጥም።»

 ቆጣሪዋ ደሟ ፈላ። እኝህ ሰውዬ ጤነኛ ናቸው? ሦስት ቀን ሙሉ ለእሳቸው ስትሮጥ ከርማ፣ ስድስቱን ሦስት ሊያደርጉባት! «ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ሦስት እኮ ነው የሚቀረን!» ብላ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። ሰብሳቢው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸውን ከላይ ወደ ታች ነቀነቁ።

«ልክ ናቸው። የመጀመሪያው አይታመንም። ካርቶኑ እዚሁ አይደል? ግማሽ ሰዓት ሰጥተናል፤ የሰኞው እንደገና ይቆጠር።»

ከዚያ በኋላ አዳራሹ አዳራሽ መሆኑ ቀረ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ፤ ዶክተሩም ፕሮፌሰሩም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይገልጣል። «ግብርና ትክክል ነው!» አለ አንዱ። «የአዋላጆቹም ትክክል! አረፍተ ነገሯም አለች!» አሉ ሌላዋ። ቆጣሪዋ እፎይ ልትል ስትል የመንገድ ሥራውን ያነበበው ሰውዬ ሳቅ አፈነው።

«ይሄ ምስጋና... ልኬት በሚካሄድበት ወቅት ዝናብ ስለመጣ ጃንጥላ ላዋሱን ይላል።»

«ሦስቱም?»

«ሦስቱም። አንድ ቡድን ነው፣ አንድ ዝናብ።»

«ጃንጥላዬንም አልመለሱልኝም» አሉ ጋሽ አማካይ ከጥግ።

ሁሉም ሳቀ፤ ቆጣሪዋ ብቻ አልሳቀችም። መንገድ ሥራ ወደቀ። አምስት! አንድ ጎደለ። ሰኞ ዕለት «ምስጋና» የሚለውን ስታይ ጮኻ፣ ለምን እንደተመሰገኑ እንኳ አላነበበችም። ቅስሟ ተሰበረ። ሰዓቱ አሥራ አንድ ደቂቃ ይቀረዋል። ለመውደቅ እንደ ቀረበ ሰው ሁለት እጇን ካርቶኑ ውስጥ ከታ ስትዳብስ ያ የተላላጠ ሰማያዊ ሽፋን እጇ ገባ።

መጨረሻው ላይ ምስጋና የለውም። መጨረሻው ላይ! ማክሰኞ የገባት ነገር፣ እመለስበታለሁ ብላ ያልተመለሰችበት ነገር ትዝ አላት። ፈጥና መጀመሪያውን ገለጠች፤ ከማውጫው በፊት አንዲት ገጽ አለች።

«ቆይ! ቆይ! ቆይ!» ብላ ጮኸች። ኮሚቴ ፊት እንዲህ ጮኻ አታውቅም። ሳትቀመጥ ማንበብ ጀመረች።

«ወንዙ ሞልቶ መሣሪያዬን በወሰደብኝ ጊዜ ትምህርቴን አቋርጬ ልሄድ ሻንጣዬን ዘግቼ ነበር። አንድ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ግን ከደረጃ ሥር ባለችው ክፍሉ ሦስት ሳምንት አጠገቡ አስቀምጦ፣ በተረፉኝ ልኬቶች ብቻ ጥናቱን መጨረስ እንደምችል አሳየኝ። የዕለቱን የመጀመሪያ ልኬት መጣልንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ስሙን በክብር እጽፋለሁ...» ስሙን አነበበች፤ የጋሽ አማካይ ሙሉ ስም ነው። «ውለታውን በዚህች ገጽ ከፍዬ አልጨርሰውም፤ በሥራዬ ዘመን ሁሉ እመሰክርለታለሁ።»

«ስድስት!» አሉ አንዷ ፕሮፌሰር እጃቸውን አጨብጭበው። «የማን ክፍል ነው? ጸሐፊው ማን ነው?»

ቆጣሪዋ ሽፋኑን አየች፤ ወርቁ ተፍቋል። የውስጡን ገጽ ገለጠች። የውሃ ምህንድስና ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ ስም አለ። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቀና ስትል ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋል። ማንበቡን ሳትጨርስ ነበር ለካ ያወለቁት።

«የእርስዎ ነው፣ ዶክተር።»

 ሰብሳቢው ጥራዙን ከእጇ ተቀብለው ገጿን ራሳቸው አነበቧት። ሲያነቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ ዘወር ብለው ጥጉን አዩ። ዘጠኝ ዓመት ያ ፊት ሲፈታ ያየ የለም፤ ያን ቀን ግን እንደ ተማሪ ፊት ሆነ።

«ረስቼው ነው። እውነቴን ነው፣ ጨርሼ ረስቼው ነው። የመጀመሪያው አይታመንም ስል የራሴ ይመስለኝ ነበር።» ወዲያውም፣ «እርስዎ አውቀውኛል?» አሉ።

«እንዴት አላውቅህም?» አሉ ጋሽ አማካይ። በዚያ አዳራሽ ሰብሳቢውን «አንተ» ያላቸው ሰው ተሰምቶ አይታወቅም። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ጣሪያው ግንባርህን ሲመታህ የነበርክ ልጅ!»

«ታዲያ ከዓርብ ጀምሮ እኔ ልዘጋብዎ ስነሣ ለምን ዝም አሉኝ? አንድ ቃል ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

«ምክር ሰጠሁ እንጂ ወንዙን የለካኸው አንተ ነህ።»

ሰብሳቢው ኪሳቸውን ዳብሰው ብዕር አወጡና በቆጣሪዋ ሰንጠረዥ ላይ፣ በስተቀኝ ባለው ባዶ ቦታ፣ በገዛ እጃቸው አንድ ቀጭን መስመር ከላይ እስከ ታች አሰመሩ። ከአናቱ «ምስጋና» ብለው ጻፉ። በጋሽ አማካይ ረድፍ ደግሞ ስድስት አስገቡና፣ ቀና ብለው «የሚቃወም አለ?» ብለው ጠየቁ። የሚቃወም አልነበረም። ከዚያ ሰንጠረዡን በጣታቸው ወደ ቆጣሪዋ ገፋ አደረጉት።

«ይሄን ግን አልቀበልም። የሁሉም ሰው ምስጋና ተቆጥሮ ሁለተኛውን ታመጪያለሽ።»

«እሺ ዶክተር!» አለች እየሳቀችም እያለቀሰችም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ተመልሶባት ደስ አላት።

ቤት ስትገባ አማቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ነገሩን ከአንድ እስከ ስድስት ነገረቻት።

«አየሽ፣ መጨረሻውን አንብቢ ያልኩሽ እኔ ነኝ!»

«እማዬ፣ መጨረሻውን በማንበቤ እኮ ነው ጉድ ልሆን የነበረው!»

«ቢሆንም። የእኔንም ምስጋና አስገቢው።»

በማግስቱ ዓርብ፣ ሊፍቱ ዛሬም ስላልተሠራ ቆጣሪዋ በደረጃው ልትወጣ ስትል ምድር ቤቱን አየት አደረገች። የእንጨቱ አግዳሚ ላይ አንዲት የአዋላጅነት ተማሪ ወረቀቷን ታቅፋ ተቀምጣለች። ከእሷ ቀጥሎ አንድ የግብርና ልጅ አለ። ከልጁ ቀጥሎ ደግሞ ሰብሳቢው፣ አዲስ ጃንጥላ ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል።

«እንዴ ዶክተር! ይግቡ እንጂ፣ እርስዎ ደግሞ ምን ይጠብቃሉ?»

«ተራዬን» አሉ።